የርዕደ መሬቱ ቁጥር ለምን ይቀያየራል? ከሴንሰር እስከ ሞዴል ያለው ጉዞ

መሬት በተነቃነቀች ቁጥር የማይቀር ጭቅጭቅ አለ። አንዱ "5.5 ነው" ይላል፣ ሌላው ስክሪንሾት ይዞ ይመጣና "ኧረ 5.8 ነው" ይላል፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ሁለቱም ቁጥር ተቀይሮ 5.6 ሆኖ ይገኛል፣ ከዛ ያው የለመድነው ኮመንት ይከተላል፣ "እየደበቁን ነው"። ማንም እየደበቀ አይደለም። ችግሩ እኛ ቁጥሩን የተለካ ነገር አድርገን መውሰዳችን ነው፣ እሱ ግን የተሰላ ነገር ነው። ቴርሞሜትር አይታችሁ ትኩሳት እንደምታነቡት አይደለም። ከመሬቱ ንቅናቄ እስከዛች 5.6 ድረስ ረጅም መንገድ አለ፣ በየመንገዱ ላይ ደግሞ ሰው ወይም ሶፍትዌር "ይሄ ይሁን" ብሎ የወሰነው ነገር አለ። ይሄን መንገድ ነው ላሳያችሁ የፈለኩት፣ የእሳተ ገሞራውንም ጨምሬ፣ ምክንያቱም እዛ ነው ነገሩ የሚጠነክረው። (ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ከታች ልጀምር። ሴይስሞሜትር የሚባለው መሳሪያ ስለ ርዕደ መሬት የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው ከስሩ ያለው መሬት ምን ያህል እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ብቻ ነው፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ሰሜንና ደቡብ፣ ወደ ምስራቅና ምዕራብ። ብዙዎቹ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይመዘግባሉ፣ በሶስት አቅጣጫ ማለት በሴኮንድ 300 ቁጥር ነው፣ በቀን ሲባዛ 25,920,000 ቁጥር ይመጣል፣ ይሄ ከአንድ ጣቢያ ብቻ ነው። 50 ጣቢያ ያለው ኔትወርክ በቀን ከ1 ቢሊዮን በላይ ቁጥር ይልካል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አብዛኛው ደግሞ እኛ የማንፈልገው ነው።

ነፋስ ዛፉን ሲያወዛውዘው ስሩ መሬቱን ይነቀንቃል። መኪና አለ፣ ባቡር አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ አጠገቡ የሚራመድ ሰው አለ። ከሁሉ የሚገርመኝ ባህር ነው፣ መሃል አህጉር ላይ የተቀመጠ፣ ከባህር በጣም የራቀ መሳሪያ እንኳን የውቅያኖስ ማዕበል መሬቱን ሲደበድብ ቀን ከሌት ይሰማል፣ ዝም የሚልበት ሰዓት የለም። በ2020 በኮሮና ምክንያት ዓለም ቤቱ ሲቀመጥ ደግሞ ተመራማሪዎች በየአገሩ ያሉ ጣቢያዎችን ዳታ አይተው የሰው ልጅ የሚፈጥረው ንዝረት አንዳንድ ቦታ እስከ ግማሽ ድረስ መቀነሱን አገኙ። እኛ ራሳችን ለመሳሪያው ረብሻ ነን እንግዲ።

ስለዚ የመጀመሪያው ስራ ረብሻውን መቀነስ ነው። ይሄ በፊልተር ይሰራል፣ ሬዲዮ ላይ አንድ ጣቢያ ይዛችሁ ሌላውን እንደምትተዉት ማለት ነው፣ በጣም ዘገምተኛውን የባህር ሞገድ ትቆርጣላችሁ፣ በጣም ፈጣኑን የማሽን ንዝረትም ትቆርጣላችሁ፣ መሃሉን ታስቀራላችሁ። ፊልተር ሲበዛ ግን የምትፈልጉትንም ይዞ ይሄዳል። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ርዕደ መሬት መኖሩን እንዴት ያውቃል? የድሮው ዘዴ በጣም ቀላል ነው፣ እስከዛሬም በየቦታው ይሰራል። ሁለት አማካይ ይይዛል፣ አንዱ ያለፈችዋን አንድ ሁለት ሴኮንድ፣ ሌላው ያለፈውን ግማሽ ደቂቃ ምናምን። አጭሩ ከረጅሙ በብዙ እጥፍ በድንገት ከበለጠ "አንድ ነገር ተፈጥሯል" ይላል። ጫጫታ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ጫጫታውን ትረሱታላችሁ አይደል፣ ብርጭቆ ሲሰበር ግን ዞር ትላላችሁ፣ እሱ ነው። አንድ ጣቢያ ብቻ ከጮኸ ምናልባት የጭነት መኪና ነው፣ አምስት ስድስት ጣቢያ ቅርቡ ቀድሞ ሩቁ ተከትሎ በቅደም ተከተል ከጮኹ ግን መኪና አይደለም።

አሁን አሁን ይሄን ስራ ማሽን ለርኒንግ እየወሰደው ነው። ሰዎች ለዓመታት በእጃቸው ምልክት ያደረጉባቸውን ብዙ ሺህ ሲግናሎች ለኒውራል ኔትወርክ ያስተምሩታል፣ እሱ ደግሞ ሰው የማያየውን ትናንሽ ነገር ሁሉ ይለቅማል። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ዘዴም አለ፣ የታወቀ ርዕደ መሬት ሞገድን እንደ ጣት አሻራ ይዞ በድሮ መዝገብ ውስጥ አምሳያውን መፈለግ። በ2019 የወጣ ጥናት በዚህ ዘዴ የደቡብ ካሊፎርኒያን የ10 ዓመት ዳታ፣ ከ2008 እስከ 2017 ያለውን፣ እንደገና ፈትሾ ወደ 1.8 ሚሊዮን ርዕደ መሬት አገኘ፣ ቀድሞ ከሚታወቀው 10 እጥፍ ያህል ነው። በየ3 ደቂቃው አንድ ማለት እኮ ነው። እነዛ ሁሉ ዱሮም ነበሩ፣ የሰማቸው አልነበረም እንጂ። ስለዚ የሆነ ቦታ አዲስ ጣቢያ ወይ አዲስ ሶፍትዌር ከተገጠመ በኋላ የርዕደ መሬት ብዛት ግራፍ ሽቅብ ሲተኮስ ብታዩ መሬት ተቆጣች ብላችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ጆሮ ነው የጨመረው ወይስ ድምፅ ብላችሁ ጠይቁ።

ቦታውን ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ርዕደ መሬት ሁለት ዋና ሞገድ ይልካል፣ ፒ እና ኤስ ይባላሉ። አብረው ይነሳሉ ግን ፒ ፈጣን ነው፣ የመሬት ቅርፊት ውስጥ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል፣ ኤስ 3.5 አካባቢ። መብረቅና ነጎድጓድ እንደማለት ነው፣ ብልጭታው ቀድሞ ድምፁ በዘገየ ቁጥር ሩቅ ነው። በሁለቱ መሃል ያለውን ሴኮንድ በ8 ብታባዙ ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግርድፉ ታገኛላችሁ፣ 10 ሴኮንድ ከሆነ 80 ኪሎ ሜትር። አንድ ጣቢያ ርቀቱን እንጂ አቅጣጫውን በደንብ ስለማይነግር ሶስትና ከዛ በላይ ያስፈልጋል፣ ክቦቹ የሚገናኙበት ቦታ መነሻው ነው። የትምህርት ቤቱ ስዕል እዚ ላይ ያልቃል።

በተግባር ግን ክቦቹ አንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም። ሶፍትዌሩ የሚያደርገው መገመት ነው። "እዚ ቦታ፣ በዚ ጥልቀት፣ በዚ ሰዓት ተነሳ እንበል" ይልና ሞገዱ እያንዳንዱ ጣቢያ ስንት ሰዓት መድረስ እንደነበረበት ያሰላል፣ ከደረሰበት ሰዓት ጋር ያስተያያል፣ ልዩነቱ እንዲቀንስ ግምቱን ትንሽ ገፋ ያደርጋል፣ እንደገና ያሰላል፣ ልዩነቱ ከዚ በላይ አልቀንስ እስኪል ድረስ። ሀሳቡ ሉድቪግ ጋይገር የሚባል ጀርመናዊ ከ100 ዓመት በፊት ያመጣው ነው፣ ኮምፒውተር ሳይኖር። ይሄ እንዲሰራ ግን ሞገዱ በመንገዱ ላይ ምን ያህል እንደሚፈጥን ማወቅ አለባችሁ፣ ለስላሳ ደለል ውስጥ ይዘገያል፣ ጠንካራ አለት ውስጥ ይፈጥናል፣ ስለዚ የፍጥነት ሞዴላችሁ ከተሳሳተ ርዕደ መሬቱ ካለበት ቦታ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ካርታ ላይ ይቀመጣል፣ ሶፍትዌሩም ምንም ሳያፍር።

ጥልቀት ከሁሉ ይብሳል። ጣቢያዎቹ ሁሉ ላይ ናቸው፣ ከስር ማንም የለም። ርዕደ መሬቱን ትንሽ ጠለቅ አድርጋችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ ተነሳ ብትሉ ሩቅ ያሉት ጣቢያዎች ጋር የሚደርስበት ሰዓት ያው ይሆናል። ልክ ከአናቱ ላይ ቅርብ ጣቢያ ከሌለ በስተቀር መለየት አይቻልም። በዜና ላይ ሁሌ "ጥልቀቱ 10 ኪሎ ሜትር" የሚለው ነገር ገርሟችሁ አያውቅም? ብዙ ጊዜ 10 ማለት ለክተን 10 አገኘን ማለት አይደለም፣ ዳታው ጥልቀቱን ለመወሰን ስላልበቃ ሶፍትዌሩ ላይ 10 ብለው ቆልፈውት ነው።

አሁን ወደ ማግኒቲውዱ፣ ማለት ወደዛች 5.6። ቻርልስ ሪክተር በ1935 ያወጣው ስኬል ለደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ለአንድ አይነት መሳሪያ የተሰራ ነው። በየዜናው "በሬክተር ስኬል" ይባላል እንጂ ትልልቆቹ ርዕደ መሬቶች ዛሬ የሚሰሉት በሌላ ነው፣ ሞመንት ማግኒቲውድ በሚባለው፣ ሃንክስና ካናሞሪ በ1979 ያወጡት። ሪክተር የሚያየው መርፌው ምን ያህል እንደተወዛወዘ ነው፣ ሞመንት የሚጠይቀው ስንጥቁ ምን ያህል ሰፊ ነው፣ ምን ያህል ተንሸራተተ፣ አለቱ ምን ያህል ግትር ነው የሚለውን ነው። አንዱ ተቋም ቶሎ ከሚገኘው ሞገድ ያሰላል፣ ሌላው ዘግይቶ ከሚመጣው ረጅም ሞገድ፣ አንዱ ቅርብ ጣቢያ አለው፣ ሌላው የሌላ አህጉር ጣቢያ ነው የሚጠቀመው። 0.2 ወይ 0.3 መለያየት ስለዚ የተለመደ ነገር ነው። ልብ በሉ፣ አንድ ቁጥር ሲጨምር ጉልበቱ በ32 እጥፍ ስለሚያድግ 0.3 እንኳን ወደ 3 እጥፍ ገደማ የጉልበት ልዩነት ናት፣ እና ያም ሆኖ የተለመደ ነው።

ይሄ የመቀያየር ነገር ነፍስ የሚያስከፍልበት ጊዜ ግን አለ። መጋቢት 2011 የጃፓኑ የቶሆኩ ርዕደ መሬት። በዓለም ላይ ከእነሱ የተሻለ ኔትወርክ ያለው ብዙም የለም፣ እና ከ3 ደቂቃ በኋላ የጃፓን ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ ያወጣው ቁጥር 7.9 ነበር። ሱናሚው ሚያጊ ላይ 6 ሜትር፣ ኢዋቴና ፉኩሺማ ላይ 3 ሜትር ይሆናል ተባለ። እውነተኛው ማግኒቲውድ 9.0 ነው፣ በጉልበት ከ40 እጥፍ በላይ። ለምን? ስንጥቁ ገና እየተቀደደ ነበር፣ ተቀዶ እስኪያልቅ ከ2 ደቂቃ በላይ ወስዷል፣ ለፍጥነት ተብሎ የሚሰራው ስሌት ደግሞ የሚያየው አጭሩን ሞገድ ነው፣ አጭሩ ሞገድ ከሆነ መጠን በኋላ አያድግም፣ ይጠግባል። ያልኳችሁ የፊልተር ነገር እዚ ላይ መጣ፣ ትልቅነቱ ያለው በተቆረጠው ዘገምተኛ ሞገድ ውስጥ ነበር። በዛው ሰዓት ጂፒኤስ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፣ የባህር ዳርቻው መሬት ከነቤቱ ወደ ምስራቅ ከ5 ሜትር በላይ ተጉዟል፣ ጂፒኤስ ደግሞ አይጠግብም፣ 5 ሜትር ከሄደ 5 ሜትር ይላል። ጃፓኖች ከዛ በኋላ ከቀየሩት ነገር አንዱ ስሌት እንኳን አይደለም፣ በጣም ትልቅ መሆኑ ሲጠረጠር በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ላይ የሱናሚውን ከፍታ በሜትር መናገር ትተው "ግዙፍ" ብቻ ማለት ነው። ያልተጣራ ቁጥር ሰውን ያዘናጋል ብለው።

እሳተ ገሞራ ላይ ስንመጣ ጨዋታው ይቀየራል። እዛ አንድ ትልቅ ምት አይደለም የሚጠበቀው፣ ለቀናት ወይ ለወራት የሚሄድ ነገር ነው። ማግማ፣ ማለት ከስር ያለው ቅልጥ አለት፣ ሲገፋ ዙሪያው ያለው አለት ይሰነጠቃል፣ ይሄ እንደ ማንኛውም ርዕደ መሬት ነው የሚመስለው። ሌላ አይነት ግን አለ፣ ፈሳሽና ጋዝ በስንጥቅ ውስጥ ሲተላለፍ የሚያሰማው ዝግ ያለ ድምፅ፣ ዋሽንት ውስጥ አየር እንደሚዘፍነው። ይሄ ሳይቋረጥ ሲቀጥል ትሬመር ይባላል፣ ለሰዓታት ያለማቋረጥ ማጓራት። ቅድም ያልኳችሁ የሁለት አማካይ ዘዴ እዚ ላይ ይሸወዳል፣ ትሬመሩ ቀስ ብሎ ሲያድግ ረጅሙም አማካይ አብሮ ያድጋል፣ ጥምርታው አይነቃነቅም፣ ተራራው እያጓራ ኮምፒውተሩ "ምንም የለም" ይላል። ለዚህ ነው የአሜሪካው ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ሰዎች አርሳም የሚባል ነገር የሰሩት። ርዕደ መሬት መቁጠሩን ትቶ በየ10 ደቂቃው አማካይ ንቅናቄው ስንት ነው ብሎ አንድ መስመር ይስላል፣ በቃ። በ1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ የሚባለው እሳተ ገሞራ ከመፈንዳቱ በፊት በነበረው ወከባ መሃል ከጠቀማቸው ነገር አንዱ ይሄ ተራ መስመር ነበር።

ሌላው የመሬት እብጠት ነው። ማግማ ከስር ሲገባ ላይኛው መሬት ያብጣል፣ በሚሊሜትር ወይ በሴንቲሜትር። ጂፒኤስ በነጥብ ይለካዋል፣ ሳተላይት ደግሞ ሙሉ ምስሉን ያመጣል። ሴንቲኔል 1 የሚባለው ከ700 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ራዳር ይልካል፣ ከቀናት በኋላ ያው ቦታ ላይ ተመልሶ ይልካል፣ ሁለቱ ሲነጻጸሩ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ይወጣል፣ እያንዳንዱ የቀለም ዙር መሬቱ ወደ ሳተላይቱ 2.8 ሴንቲሜትር መቅረቡን ወይ መራቁን ይናገራል። ኢንሳር ይሉታል። ምስሉ ሲያምር ሰው ያምነዋል፣ ግን ራዳሩ በአየር ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ በአየሩ ውስጥ ያለ እርጥበት ያዘገየዋል፣ ከረጅም ተራራ ስር ያለው አየር ከአናቱ ካለው ወፍራም ስለሆነ ደግሞ የአየር ሁኔታ ልዩነት ልክ ተራራው ያበጠ መስሎ ሊታይ ይችላል። ያላበጠ ተራራ አበጠ ተብሎ እንዳይታወጅ ብዙ ምስል መደራረብና አየሩን መቀነስ ያስፈልጋል።

አሁን ሞዴል የሚባለው። እብጠቱን አያችሁ፣ ከስር ያለውን አላያችሁም። ከውጤቱ ተነስቶ ምክንያቱን መፈለግ ነው ስራው፣ ሰው ብርድ ልብስ ስር ሲገላበጥ ከላይ አይታችሁ ክንዱ የት እንዳለ እንደምትገምቱት። ጃፓናዊው ኪዮ ሞጊ በ1958 ያመጣው ሞዴል እስከዛሬ የመጀመሪያው መነሻ ነው፣ ከስር አንዲት ትንሽ ሉል አለች እንበል፣ ትነፋለች እንበል፣ ላይ ምን አይነት እብጠት ይመጣል? እብጠቱ ሰፊና ዝርግ ከሆነ ሉሏ ጥልቅ ናት፣ ጠባብና ሹል ከሆነ ቅርብ ናት። ኮምፒውተሩ ቦታውን፣ ጥልቀቱንና መጠኑን እየቀያየረ መቶ ሺህ ጊዜ ይሞክርና ከታየው ጋር የሚገጥመውን ይመርጣል። ደስ የማይለው ነገር የሚገጥመው አንድ አለመሆኑ ነው። ትንሽ ጎድጓዳ በከፍተኛ ግፊትና ትልቅ ጎድጓዳ በትንሽ ግፊት ላይ የሚያመጡት እብጠት አንድ አይነት ነው። ላይ ቆማችሁ ልትለዩት አትችሉም። ስለዚ ሐቀኛ መልስ "4 ኪሎ ሜትር" ሳይሆን "ከ3 እስከ 6 ባለው ውስጥ፣ ይበልጥ ወደ 4" አይነት ነው፣ ዜና ላይ ሲደርስ ግን 4 ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ማግማው ሉል ሳይሆን ቀጥ ብሎ የቆመ ቀጭን ግድግዳ ሆኖ አለቱን ሰንጥቆ ሲገባ ሌላ ሞዴል አለ፣ የኦካዳ፣ 1985። ይሄ በደንብ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ አፋር ነው፣ መስከረም 2005 ዳባሁ። 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተከፈተ፣ በሰፋበት ቦታ እስከ 8 ሜትር፣ ወደ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ማግማ ገባበት፣ ይሄ ሁሉ የታወቀው በዋናነት ከሳተላይት ራዳርና ከሞዴል ነው። ህዳር 2023 ደግሞ አይስላንድ ውስጥ ግሪንዳቪክ በምትባል ከተማ ስር 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም እንዲህ ያለ ግድግዳ በሰዓታት ውስጥ ገባ፣ ርዕደ መሬቶቹ ወደ ከተማው ሲሄዱና የጂፒኤስ ነጥቦቹ እርስ በርስ ሲራራቁ አይተው ነዋሪውን በሌሊት አስወጡት። እሳተ ገሞራው የፈነዳው ግን ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ታህሳስ 18።

ጋዝም ዳታ ነው፣ ፒናቱቦን ላንሳና ልለፈው። ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ግንቦት ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ በቀን ከ500 ቶን ከ5,000 ቶን በላይ ደረሰ፣ ከዛ ወረደ። ቁጥሩ ብቻ ቢታይ "እየበረደ ነው" ያስብላል። እነሱ ግን ርዕደ መሬቶቹ ወደ ላይ እየቀረቡ መሆኑን አይተው ጋዙ አልቆ ሳይሆን መውጫው ተደፍኖ ነው አሉ። ሰኔ 15 ፈነዳ፣ ቀድሞ በተደረገው ማስወጣት ብዙ ሺህ ሰው ተረፈ። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ሞዴል፣ ሁለት የተለያየ ውሳኔ።

"ታዲያ ርዕደ መሬት መቼ እንደሚመጣ ለምን አይነግሩንም?" ለሚለው፣ ተሞክሯል። ካሊፎርኒያ ፓርክፊልድ ላይ ከ1857 ጀምሮ በአማካይ በየ22 ዓመቱ ማግኒቲውድ 6 ገደማ ይመጣ ነበር፣ የመጨረሻው 1966። ስለዚ በ1988 አካባቢ፣ ቢዘገይ እስከ 1993 ይመጣል ተብሎ ቦታው በመሳሪያ ተሞላ። የመጣው መስከረም 2004 ነው። ዛሬ የሚሰራው የቀን ትንበያ ሳይሆን ዕድል ነው፣ በተለይ ተከታይ ንቅናቄዎች ላይ፣ ጃፓናዊው ኦሞሪ በ1894 ባገኘው ህግ መሰረት በ10ኛው ቀን የሚኖረው ብዛት ከመጀመሪያው ቀን አንድ አስረኛ ገደማ ነው፣ ይሄ በጥሩ ሁኔታ ይሰራል።

እሳተ ገሞራው የተሻለ ምልክት ይሰጣል፣ ግን ማግማ ተነሳ ማለት ይወጣል ማለት አይደለም። ዳባሁ አካባቢ እስከ 2010 ድረስ ከ10 በላይ ግድግዳ ገብቷል፣ ላይ የደረሱት ጥቂቶቹ ናቸው፣ ሌላው እዛው ስር ቀዝቅዞ ቀረ። በ2024 መጨረሻና 2025 መጀመሪያ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢም ያው ነው፣ ሳተላይቱ ማግማው መግባቱን አሳየ፣ ርዕደ መሬቱ በረከተ፣ ብዙ ሺህ ሰው ከቀየው ወጣ፣ በነዛ ወራት የተጠበቀው ቅልጥ አለት ግን አልፈሰሰም፣ ከዛ "በከንቱ አስደነገጡን" የሚል መጣ። ከስር ያለው ግድግዳ የት ላይ እንደሚቆም የሚናገር ሞዴል የለም።

የተገላቢጦሹም አለ። ጃፓን ኦንታኬ፣ መስከረም 27 ቀን 2014፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ተራራው ላይ ብዙ ተጓዥ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ትናንሽ ርዕደ መሬቶች በዝተው ነበር፣ ግን እብጠት አልታየም፣ ስለዚ የማስጠንቀቂያው ደረጃ 1 ላይ ቆየ፣ ዝቅተኛው። ከስር የነበረው አዲስ ማግማ ሳይሆን የጋለ ውሃና እንፋሎት ነው፣ እሱ ደግሞ እብጠቱን አስቀድሞ አያሳይም። ትሬመሩ የጀመረው ከፍንዳታው 11 ደቂቃ በፊት፣ ተራራው ማዘንበል የጀመረው 7 ደቂቃ በፊት ነው። 63 ሰው ሞተ ወይም የገባበት ጠፋ። በዛን ጊዜ የደረጃ 1 ትርጉም "መደበኛ" የሚል ነበር፣ በዓመቱ ቃሉን አውጥተው "ንቁ እሳተ ገሞራ መሆኑን ልብ ይበሉ" በሚል ቀየሩት፣ ቁጥሩ ግን ያው 1 ነው።